ፋየርዎልን እንደገና መገንባት፦ የነካችሁትን ክፍል ብቻ

ደሴ ፒያሳ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። በጎን ደግሞ እዚህና ኮምቦልቻ ላሉ ትምህርት ቤቶችና ማረፊያዎች ያገለገለ ዴስክቶፕ ላይ ፋየርዎል (የውስጥ ኔትወርክን ከኢንተርኔት የሚጠብቅ በረኛ) እጭናለሁ። ሁለት ኔትወርክ ካርድ፣ ነፃ ሶፍትዌር፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ኬብሉን ስትሰኩ ነው። ኦፕንሴንስ የሚባለው የፋየርዎል ሶፍትዌር አዲስ ሲጫን የውስጥ አድራሻው 192.168.1.1 ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሞደምም ብዙ ጊዜ ያንኑ አድራሻ ይዞ ይጠብቃችኋል። ሁለቱ ሲጋጩ ኢንተርኔት የለም። በየደንበኛው ቤት ይህን መቀየር ሲሰለቸኝ ከኮዱ ተነስቼ የራሴን የሚጫን ቅጂ ልገንባ አልኩ።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ምናልባት ግንባታ አያስፈልጋችሁም። አድራሻና የሰዓት ክልል ለመቀየር ብቻ ከሆነ፣ የተዘጋጀውን የኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል ፍላሽ ላይ «ኮንፍ» የሚባል ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት፤ ማሽኑ ሲነሳ ላስገባው ወይ ብሎ ይጠይቃል። የእንግዶች መግቢያ ገጽ በአማርኛ እንዲሆን ከፈለጋችሁም ቴምፕሌቱን ከመቆጣጠሪያው አውርዶ፣ አስተካክሎ መልሶ መጫን ይበቃል። መገንባት የሚያዋጣው ኮዱን ራሱን ስትነኩ፣ ወይም ያንኑ ነገር ብዙ ማሽን ላይ ስትጭኑ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ሦስት ሳምንት ከፈጀሁ በኋላ ነው።

የትኛውን ልያዝ?

ኦፕንሴንስና ሌላው የፋየርዎል ሶፍትዌር፣ ፒኤፍሴንስ፣ ዘመዳሞች ናቸው። ፒኤፍሴንስ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 ሞኖዎል ከሚባል የቀደመ ፋየርዎል ተገንጥሎ ወጣ፤ ኦፕንሴንስ ደግሞ በጥር 2015 ከፒኤፍሴንስ። በመሃል፣ በ2014፣ የፒኤፍሴንስ የግንባታ መሣሪያዎች ስምምነት ለፈረመ ብቻ ሆኑ። ኮዱ እንደ ልብ ይነበባል፤ ኮዱን ወደሚጫን ፋይል የሚለውጡት ስክሪፕቶች ግን በር ተዘጋባቸው። ዱቄቱ እጃችሁ ገብቶ ምጣዱ ሰው ቤት እንደ መቅረት ነው። እኔም ከአንድ ጓደኛ ሃርድ ዲስክ የድሮ የመሣሪያ ቅጂ አግኝቼ ከአዲስ ኮድ ጋር ላጋባው ሞከርኩ፤ ሦስቱ ሳምንት የሄደው እዚያ ላይ ነው። መሣሪያው ከኮዱ ጋር እኩል ካላደገ አንዱን ስህተት ስታርሙ ሌላው ብቅ ይላል። የኦፕንሴንስ የግንባታ መሣሪያ፣ «ቱልስ» የሚባለው፣ ግን ለማንም ክፍት ነው፤ የሚቀጥለው ሁሉ ስለ እሱ ነው።

1. ማሽኑን ማዘጋጀት

ግንባታው የሚሠራው ፍሪቢኤስዲ በሚባል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ነው፤ ሊኑክስ ላይ አትድከሙ። የፍሪቢኤስዲው ቅጂ ከምትገነቡት ጋር መግጠም አለበት፦ ኦፕንሴንስ 24.1 ፍሪቢኤስዲ 13.2 ላይ፣ 24.7 ደግሞ 14.1 ላይ የቆመ ነው። ኤስኤስዲ የግድ ነው፤ ሜሞሪ ከ16 ጊጋ ባያንስ ጥሩ ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ከሌላችሁ ተበደሩ። ምክንያቱን ከታች ታዩታላችሁ።

2. ኮዱን ማውረድ

ትዕዛዞቹን በሚነበቡበት ድምፅ እጽፋቸዋለሁ፤ እናንተ በላቲን ትንንሽ ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ። በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ ስም) ገብታችሁ ጊትን (የኮድ ለውጥ መዝጋቢውን) ጫኑ፤ «ቱልስ»ን በጊት አምጡ፤ ፎልደሩ ውስጥ ሆናችሁ «ሜክ አፕዴት» በሉ። ኮር (የኦፕንሴንስ ዋና ኮድ)፣ ፕለጊንስ (ተጨማሪዎቹ)፣ ፖርትስ (የሌሎች ፕሮግራሞች መገንቢያ) እና ሶርስ (የፍሪቢኤስዲው ኮድ) ተከታትለው ይወርዳሉ። ከባድ ስለሆነ ማታ ተዉትና ተኙ።

3. ለውጡን ማስገባትና ኮሚት ማድረግ

ያስለቀሰኝ ይህ ነው። የመነሻው ቅንብር ያለው ኮር ውስጥ፣ «ሶርስ» ከሚለው ንዑስ ፎልደር ሥር «ኢቲሲ» ፎልደር ውስጥ ባለው የናሙና ኮንፊግ ፋይል ነው። ከፈትኩት፣ አድራሻውን 10.20.0.1 አደረግሁ፣ የአድራሻ ማደያውንም በዚያው ልክ አስተካከልኩ፣ ሰዓቱን ወደ አዲስ አበባ አዞርኩ፣ ሴቭ አልኩ፣ ገነባሁ። ስጭነው 192.168.1.1። እንደገና ገነባሁ። አሁንም 192.168.1.1። ፋይሉን ስከፍተው ለውጤ እንዳለ ተቀምጧል። ሁለት ሌሊት ራሴን ተጠራጠርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ የግንባታ ስክሪፕቱ የኮርን ፎልደር ወደ ራሱ ጊዜያዊ ቦታ ይገለብጠውና እዚያ በጊት ወደ ብራንቹ (የኮዱ ቅርንጫፍ) የመጨረሻ ኮሚት (ጊት ላይ የተመዘገበ ለውጥ) ይመልሰዋል። ሴቭ ማለት ለእሱ ምንም ማለት አይደለም፤ ኮሚት ያልተደረገ ነገር እንዳልተጻፈ ነው። ስለዚህ ፋይሉን ሳትነኩ በፊት የራሳችሁን ብራንች ክፈቱ፣ ለውጡን ኮሚት አድርጉ፣ ስትገነቡም ብራንቹን በስሙ ጥሩት፦ «ሜክ ኮር» ብላችሁ ሰረዝና የብራንቹን ስም ታስከትላላችሁ።

ብራንቹን የምትከፍቱትም ከማስተር (ገና በመሠራት ላይ ካለው ዋና ብራንች) ላይ አይሁን። የኦፕንሴንስ ዋና ቅጂዎች በዓመት ሁለቴ፣ በጥርና በሐምሌ ነው የሚወጡት፤ 24.1 እና 24.7 የሚባሉት ዓመቱና ወሩ ናቸው። በመሃል የሚወጣው ማስተካከያም ሁሉ ታግ (ጊት ላይ የተለጠፈ የቅጂ ስም) አለው። አንድ ታግ ምረጡና ከእሱ ተነሱ። አንድ ጊዜ ኮሩን ከማስተር፣ ፓኬጆቹን (ተገንብተው ያለቁትን ፕሮግራሞች) ከወጣ ቅጂ አድርጌ፣ ኮሩ የሚፈልጋቸው ፓኬጆች በቅጂ አልገጥም ብለው ቁጭ አሉ።

4 እና 5. የቀረውን ማምጣት፣ ኢሜጁን ማውጣት

መመሪያዎች ሁሉንም ከባዶ ገንቡ ይላሉ። አትስሟቸው። ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ካልነካችሁ ከርነል ለምን ትገነባላችሁ? «ሜክ ፕሪፌች» የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ ቤዝን (መሠረታዊውን ሲስተም)፣ ከርነልንና ፓኬጆችን ተገንብተው ያለቁትን ያወርድላችኋል፤ የምትነግሩት የመረጣችሁትን የቅጂ ቁጥር ነው። ያኔ የሚቀራችሁ ኮር ብቻ ነው፤ እኔ አቦል ላይ ጀምሬ በረካ ሳይደርስ ጨርሼዋለሁ።

ፖርትስን ከባዶ የገነባሁ ቀን ግን ሌሊቱን መብራት ጠፋ። ጠዋት ከቆመበት ቀጠልኩ፤ በግማሽ የተጻፈ የፓኬጅ ፋይል እንደቀረ አላየሁም፤ ኢሜጁ (የሚጫነው ፋይል) ተበላሽቶ ወጣ። መብራት ከጠፋባችሁ «ሜክ ክሊን» ብላችሁ ከሰረዝ በኋላ «ፓኬጅስ» ጨምሩና ያንን ክፍል አጽድታችሁ ጀምሩ።

ከዚያ ኢሜጁን አውጡ፦ በፍላሽ ለሚጫን «ሜክ ቪጂኤ»፣ ስክሪን ለሌለው ማሽን «ሜክ ሲሪያል»።

ስሙን በተመለከተ

ፈቃዱ የቢኤስዲ ነው፤ የባለቤትነት ጽሑፉን እስካልነቀላችሁ ድረስ መለወጥም መሸጥም ይቻላል። ኦፕንሴንስ የሚለው ስም ግን የንግድ ምልክት ነው። ለራሳችሁ ቢሮ ከሆነ ግድ የለም፤ ለደንበኛ የምትሰጡ ከሆነ ኮር ውስጥ ባለው ሜክፋይል (የግንባታ መመሪያ ፋይል) የምርቱን ስም ቀይሩ፤ አርማውንም እንዲሁ።

መሞከር

ሱቅ ውስጥ ከእውነተኛ ሞደም ጋር አገናኙት፤ ቨርቹዋል ማሽን ላይ መሥራቱ አይበቃም። ላፕቶፑ 10.20 የሚል አድራሻ ማግኘቱን፣ ገጹ መከፈቱን፣ ሰዓቱ ትክክል መሆኑን እዩ። ከዚያ አጥፍታችሁ እንደገና አስነሱት። እኔ ሳላጠፋ ሳላበራ ይዤ፣ በኮንፊጉ ውስጥ ላልተዘጋች አንዲት የኮድ ምልክት ስል ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት በአንድ ቀን ሁለቴ ወርጃለሁ።