አዋጅ ሳይፀድቅ እንዴት ይደረስበታል

የምሠራው በአንድ የነጋዴዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ነው። አባሎቻችንን የሚነካ ረቂቅ አዋጅ ሲመጣ መከታተል የኔ ድርሻ ነው። አብዛኛው ሰው የሚደውልልኝ ግን ዜናው «ምክር ቤቱ አዋጁን አፀደቀ» ካለ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ጆሯችሁን አቁሙ። አብዛኛው ረቂቅ የሚመነጨው ከመንግሥት ነው። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያዘጋጀዋል፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያየዋል። መግለጫው «ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲመራ ወስኗል» ካለ ሥራ ጀምሩ። «በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል» ካለ ግን ያ ደንብ ነው፤ ፓርላማ አይደርስም።

አራት ኪሎ ሲደርስ ረቂቁ ይቀርባል፣ አባላት ይወያዩበታል፣ ከዚያ «ለዝርዝር እይታ» ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ጉልበታችሁን በሙሉ እዚህ ላይ አውሉት። አንቀጽ የሚነካካው ኮሚቴው ጋ ነው። ኮሚቴው አስረጂ ይጠራል፣ የሕዝብ ውይይት ያዘጋጃል። ጥሪው ግን በጥድፊያ ሊመጣ ስለሚችል ረቂቁን ቀድማችሁ ፈልጉ። አስቸኳይ ተብሎ ኮሚቴ ሳይገባ በዕለቱ የሚፀድቅም አለ፤ እሱ ላይ ምን ይደረጋል?

ረቂቁን ስታነቡ ከመጨረሻው ጀምሩ። የሚሻሩት ሕጎች፣ የመሸጋገሪያ ድንጋጌውና አዋጁ የሚፀናበት ጊዜ ያሉት እዚያ ነው። «ስለሆነ» እያለ የሚደረድረው መግቢያ ቆይቶ ይደርሳል።

አንድ መድረክ ላይ አንድ አባት ማይክ ይዘው ስለ ኑሮው፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ ጉምሩኩ ተናገሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሰብሳቢዋ በትሕትና «አባቴ፣ የትኛው አንቀጽ ይስተካከል ነው የሚሉት?» አለቻቸው። መልስ አልነበራቸውም። ቀጥላ የተነሳች ልጅ «አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ‹ወዲያውኑ› የሚለው ‹በ30 ቀን ውስጥ› ቢባል» ብላ ምክንያቱን ባጭሩ አስረድታ ተቀመጠች። ቃለ ጉባኤ ያዡ እስክሪብቶውን ያነሳው ያኔ ነው። እናንተም እንደሷ አድርጉ። የምትፈልጉትን አማራጭ አንቀጽ ራሳችሁ ጻፉ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አያይዙ፣ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ገቢ አድርጉ።

ኮሚቴው ሪፖርቱንና የውሳኔ ሐሳቡን ይዞ ሲመለስ ድምፅ ይሰጣል። ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ከተገኙ፣ ከተገኙት የአብላጫው ድምፅ ይበቃል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት እዚህ ውስጥ የለበትም፤ የሱ ሥራ ሕገ መንግሥት መተርጎም እንጂ አዋጅ ማፅደቅ አይደለም። ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ በጀቱም ከሐምሌ 1 በፊት ማለቅ ስላለበት፣ በሰኔ ወር ዓይናችሁን ከአጀንዳው አትንቀሉ።

«ፀደቀ» ማለት ደግሞ ሁልጊዜ «ዛሬ ይሠራል» ማለት አይደለም። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማሉ። ባይፈርሙም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 ላይ ሕጉ ሥራ ላይ ይውላል ይላል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅን፣ ቁጥር 1185/2012ን ተመልከቱ። ምክር ቤቱ በ23 ተቃውሞና በ2 ድምፀ ተአቅቦ ያፀደቀው የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም ነው። ነጋሪት ጋዜጣው ላይ ያለው ቀን ግን መጋቢት 14 ነው። ጋዜጣውን ስታገኙ አማርኛና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ነው። ሁለቱ ከተጋጩ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው።

አዋጁ ውስጥ «ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል» የሚል ካለ ሥራችሁ አላለቀም። መመሪያውን የሚያወጣው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሥሪያ ቤቱ ረቂቁን ለሕዝብ አሳውቆ አስተያየት እንዲቀበል ያስገድደዋል። ደብዳቤያችሁ ላይ ይህን ቁጥር ጥቀሱና ለመሥሪያ ቤቱ የሕግ ክፍል ስጡ፤ ገቢ የሆነበትን ቀንና ቁጥርም በቅጂው ላይ አስጽፉ።