ዝሆኔ የያዘውን የእናቴን እግር እንዴት እንደማጥብ

እናቴ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው ቀይ አፈር ላይ ስታርምና ስትኮተኩት ነው ያረጀችው። ጫማ የምታደርገው ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ስትሄድ ብቻ ነበር። ሁለቱም እግሮቿ ካበጡ ቆይተዋል። ጎረቤቱ «እርግማን ነው» ይላል፤ አንዳንዱም እንዳይጋባበት ፈርቶ እሷ የተነሳችበት በርጩማ ላይ አይቀመጥም። እርግማንም ተላላፊም አይደለም። በደጋው ቀይ የሸክላ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት ለዓመታት በባዶ እግር ቆዳ እየዘለቁ የሊምፍ ቧንቧዎችን፣ ማለትም ትርፍ ፈሳሽ ከእግር ወደ ላይ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ሲጎዱ የሚመጣ ሕመም ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ አጥንቶት «ፖዶኮኒዮሲስ» ብሎታል፤ ቃሉ ከግሪክኛ እግርና አቧራ የመጣ ነው። እኛ ዝሆኔ ነው የምንለው። በትንኝ የሚተላለፍ ትል የሚያመጣው የቆላው ዝሆኔ ሌላ ነው፤ የደጋው ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም ከጉልበት አያልፍም።

ለእጥበቱ ሳፋ፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ ፎጣ፣ ቫዝሊንና ከጤና ጣቢያ የሚታዘዘው የዊትፊልድ ቅባት (የቆዳ ፈንገስ ማጥፊያ) ይበቃሉ። መጀመሪያ እግሩን በንጹሕ ውሃና በሳሙና በስሱ አጥባለሁ፤ ድንጋይ አላስነካም፣ አልፈገፍግም። ከዚያ 6 ሊትር ውሃ ሳፋ ላይ ቀድቼ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና እጨምርና 15 ደቂቃ ያህል እዘፈዝፋለሁ። በረኪናውን ለልብስ እንደምናደርገው በግምት ማፍሰስ ቆዳ ያቃጥላል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ በክርን ሞክሩት። ስኳር ያለበት ሰው ግን እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል ሐኪም ሳይጠይቅ አይዘፍዝፍ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በየቀኑ እያጠብኩ ሽታው አልለቅ አለኝ። ሳሙናውን ወቀስኩ፣ ውሃውን ወቀስኩ። አንድ ቀን ነርሷ የእናቴን ጣቶች ከፈት አድርጋ አሳየችኝ፤ መሐሉ ነጭና ርጥብ ነበር፣ ተሰንጥቋልም። ለካ እኔ ፎጣውን ላይ ላዩን እያስኬድኩ ነበር። ያበጡ ጣቶች ተጣብቀው ፎጣ አያስገቡም። ስለዚህ ያረጀ ነጠላ ወስጄ ጣት በማያህል ስፋት ቀድጄ፣ አጥቤና በፀሐይ አድርቄ፣ አንዱን ጫፍ በጣቶቿ መካከል አሾልኬ ወዲያና ወዲህ በቀስታ እስባለሁ። እያንዳንዱን ክፍተት፣ እያንዳንዱን የቆዳ እጥፋት። ከማጠቡ ይልቅ ማድረቁ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድብኛል፤ መሆንም ያለበት እንዲያ ነው። ጸበል ስትጠመቅም እንደዚያው ነው፤ እምነቷን አልነካም፣ ነጠላውን ይዤ እጠብቃታለሁ።

ሲደርቅ ዊትፊልዱን ቁስል በሌለበት ቆዳ ላይ እቀባለሁ፤ ቆየት ብዬ ቫዝሊን። ተረከዟ ላይ ንቃቃት ካለ ቫዝሊኑን ወፈር አድርጌ ማታ ካልሲ አስለብሳታለሁ። ፋሻ ማሰር እብጠቱን ይቀንሳል፣ ግን አስተሳሰሩን ከባለሙያ ሳታዩ አትሞክሩት። ስትተኛ ከእግሯ ሥር ትራስ አደርጋለሁ፤ ቀን ስትቀመጥ ደግሞ ቁርጭምጭሚቷን እያዞረች ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች። «እንደ ሕፃን አጫወትሽኝ» ብላ ትስቃለች።

አንዳንዴ እግሩ ይግላል፣ ይቀላል፣ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ብሽሽቷ ያብጣል። ሰው ምች ይለዋል። ብዙ ጊዜ በተሰነጠቀ ቆዳ ጀርም ሲገባ የሚመጣ ነው። ያን ቀን ተኝታ እግሯን ከፍ ታደርጋለች፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አደርግላታለሁ፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ፓራሲታሞል ትወስዳለች፤ ፋሻና እንቅስቃሴ እስኪሻላት ይቀራሉ። ትኩሳቱ ካልበረደ ወይም ቁስል ካለ ጤና ጣቢያ ነው። መብጣትና መተኮስ ፈጽሞ አይሆንም፤ ቁስል ይጨምራል እንጂ እብጠቱን አያወጣም። እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህንኑ የመሰለ እንክብካቤ ሞክሮ ይህ ምች የሚነሳበት ጊዜ መቀነሱን አሳይቷል። እኛ ቤትም ቀንሷል።

ጫማው ሌላ ጣጣ ነበር። ኮንጎ ጫማ ያልባል፣ አፈርም ያስገባል፤ በረባሶም አፈሩን አይከለክልም። ጫማ ሰፊ እግሯን በወረቀት ላይ ለክቶ ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ስፌት የማይፈገፍግ የቆዳ ጫማ ሠራላት። የጥጥ ካልሲ ሦስት ጥንድ አላት፦ አንዱ እግሯ ላይ፣ አንዱ ገመድ ላይ፣ አንዱ ደርቆ የተቀመጠ። ክረምት ላይ ገመዱ ላይ ያለው ስለማይደርቅ ምድጃ አጠገብ እሰቅለዋለሁ።