የሲቢሲው (የደም ሴል ቆጠራው) ደም ለምን ይረጋል?

ምልክቱ፦ ሐምራዊ ክዳን ያለውን ቲዩብ ስታዘነብሉት ደሙ ተከትሎ አይወርድም። በቀጭን እንጨት ነካ ሲያደርጉት ጉበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ይወጣል። አንዳንዴ በዓይን ምንም አይታይም። ማሽኑ ግን ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱት ጥቃቅን ሴሎች) 20 ሺህ ይላል።

ምክንያቱ፦ አብዛኛውን ጊዜ፣ ቲዩቡ አልተገላበጠም።

ደም ከሥሩ ከወጣ ለመርጋት ሰበብ አያጣም። ትሮምቢን የሚባለው ኤንዛይም ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ሟሙቶ ያለውን ፋይብሪኖጅን ይቆርጠዋል። የተቆረጠው እርስ በርሱ ተያይዞ ፋይብሪን የሚባል ክር ይሆናል። ክሩ መረብ ሠርቶ ሴሎቹን ጠፍሮ ይይዛል፣ ፕላትሌቱም አብሮ እዚያው ይቀራል። ማሽኑ የሚቆጥረው የተረፈውን ነው። ይህ ሁሉ ያለ ካልሲየም አይሆንም። ኢዲቲኤ የሚባለው ኬሚካል ቲዩቡ ውስጥ የገባው ካልሲየሙን እንዲይዝ ነው፤ ግን የተረጨው ግድግዳው ላይ ነው። ደሙ ካልተገላበጠ መድኃኒቱ ባለበት ይቆያል፣ ደሙም የራሱን ሥራ ይሠራል።

አንድ ሌሊት ለኦፕራሲዮን የተዘጋጀች ታካሚ ፕላትሌት 19 ሺህ ወጣ። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ150 እስከ 450 ሺህ አለው። ዋርድ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ማሽናችሁን አሠሩት» አለችኝ ሲስተር። ቲዩቡን ከፈትኩት። አልቅት የሚያህል የረጋ ደም ከሥሩ ተጋድሟል። እንደገና ተቀዳ፤ 231 ሺህ። እስከዚያው ግን ፕላትሌት ሊሰጣት ደም ባንክ ተጠይቆ ነበር።

መፍትሄው፦ የረጋውን የሚመልስ የለም። ይጣል፣ እንደገና ይቀዳ። የረጋውን በእንጨት አውጥቶ የቀረውን ማሽን ላይ የሚጭን ባለሙያ አይቻለሁ። ውጤቱ ውሸት ነው፣ ትራፊው ደግሞ የማሽኑን መርፌ ይደፍናል። እባካችሁ።

ቲዩቡን ከመርፌው እንደነቀላችሁ እዚያው ከ8 እስከ 10 ጊዜ አገላብጡ። አንድ ጊዜ ማለት ክዳኑን ወደ ታች አዙሮ መመለስ ነው። ስድስት አልጋ ዞሮ ከጨረሰ በኋላ የሚያገላብጥ ሰው ባያገላብጥ ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ አይደክምም። አትነቅንቁት፣ ቀይ ሴሉ ይሰበራል። በሲሪንጅ ቀድታችሁ ስልክ አታንሱ፣ ደሙ ሲሪንጁ ውስጥ መርጋት ይጀምራል። እስከ መስመሩ ሙሉ። ጊዜው ያለፈበትን ቲዩብ ጣሉ፤ መሳቢያ ጥግ ተረስቶ የከረመ፣ ቫኪዩሙ የወጣ ቲዩብ ደም አይስብም። ግማሽ ሲሞላ ደግሞ ሰው ከሌላ ቲዩብ ይጨምርበታል።

መጨመር ካልኩ አይቀር፦ ከሐምራዊው ወደ ቀዩ ቲዩብ (ለኬሚስትሪ ምርመራ ወደሚቀዳው) ደም አትገልብጡ! ኢዲቲኤው የፖታሲየም ጨው ነው። ፖታሲየሙ ሰማይ ይወጣል፣ ካልሲየሙ ይጠፋል። በወረቀቱ ብንሄድ ሞተዋል የሚባሉ አባባ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ አግኝቻቸዋለሁ።

ሰማያዊው ቲዩብ (የመርጋት ጊዜ የሚለካበት)፦ ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት፣ እሱም እንደ ኢዲቲኤ ካልሲየም የሚይዝ ፈሳሽ ነው። ከጎደለ፣ ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ በሐሰት ይረዝማል።

ቀዩ ተቃራኒው ነው፤ እንዲረጋ ነው የምንፈልገው። 30 ደቂቃ ሳይጠብቁ ሴንትሪፊውጅ ውስጥ ከከተቱት ሴረሙ (ከረጋው ደም የሚለየው ፈሳሽ) ላይ ጄሊ የመሰለ ፋይብሪን ይንሳፈፋል። ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ታካሚ ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈጃል።

አልፎ አልፎ ደሙ ሳይረጋ፣ በደንብም ተገላብጦ፣ ፕላትሌቱ ዝቅ ይላል። ስላይድ ሠርታችሁ እዩ። ፕላትሌቶቹ ተሰባስበው ከታዩ ጥፋቱ የኢዲቲኤው ነው። በሰማያዊው ቅዱና፣ ሲትሬቱ ደሙን ስለሚያቀጥነው ውጤቱን በ1.1 አባዙት።