ጨቅላ ሕፃን ይዞ የእግር ጉዞ መውጣት

ገና የተወለደ ልጅ በአንድ በኩል ምቹ የጉዞ ጓደኛ ነው። አይድህም፣ ጠጠር አንስቶ አፉ ውስጥ አይከትም፣ «ደረስን ወይ?» እያለ አይነዘንዝም፤ ደረት ላይ ከታቀፈ የእርምጃው ውዝዋዜ ቶሎ ያስተኛዋል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ጸጥታ ነው። ጨቅላ ሲበርደው እንደ አዋቂ አይንቀጠቀጥም፣ ሲሞቀው በደንብ አያልበውም፣ እየራበውም መተኛቱን ሊቀጥል ይችላል፣ አንገቱ ታጥፎ አየር ሲያጥረው ደግሞ ድምፅ እንኳ ላያሰማ ይችላል። ስለዚህ ጉዞውን በሰዓት ምሩት፤ ባያለቅስም በየጊዜው ቆም ብላችሁ እዩት።

ማን ይውጣ? መቼ?

በጊዜው የተወለደ፣ ክብደት እየጨመረ ያለ ጤናማ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጭርና ለጥ ያለ መንገድ ቢወጣ ችግር የለውም። ዳገትና ቁልቁለት ያለበትን ጉዞ ግን በስድስተኛው ሳምንት ገደማ እናትና ልጅ በሐኪም ከታዩ በኋላ ብታደርጉት ይሻላል። ያለጊዜው የተወለደ፣ ሲወለድ ከ2.5 ኪሎ በታች የነበረ፣ ወይም የልብና የሳንባ ችግር ያለበት ልጅ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይወጣም።

ሁሉም ስለ ልጁ ሲጨነቅ እናቲቱ ትረሳለች። ከወሊድ በኋላ መገጣጠሚያዎችን የሚያያይዙት ጅማቶች ለሳምንታት እንደላሉ ይቆያሉ፤ ቁርጭምጭሚት በቀላሉ ይዞራል፣ ዳሌም ቶሎ ይደክማል። ከእርምጃ በኋላ የአራስነት ደም ከጨመረ ወይም ቀይነቱ ከተመለሰ፣ ከታች የመክበድ ስሜት ከመጣ ወይም ሽንት ካመለጣት ጉዞው ለሰውነቷ በዝቷል፤ የሚቀጥለው በግማሽ ይጠር። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከልጇ የከበደ ነገር ባታነሳ ይመረጣል፤ የማዘያው ወገብ ቀበቶም ልክ ቁስሉ ላይ ስለሚያርፍ ልጁን ሌላ ሰው ይያዝላት። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ ሙሉ በሙሉ የሚያርስ ደም፣ የአንድ እግር እብጠትና ሕመም፣ ወይም የዓይን ብዥታ ያለበት ከባድ ራስ ምታት ከታየ ግን ለነገ አይባልም፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

መንገዱ

ለመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ በየትኛውም ነጥብ ላይ ብትሆኑ ከመኪናው ወይም ከቤቱ ከአንድ ሰዓት በላይ አትራቁ። ዞሮ ከሚመለስ መንገድ ይልቅ በሄዱበት የሚመለሱበት ይመረጣል፤ ዙሪያው ላይ ግማሽ ከደረሳችሁ በኋላ ችግር ቢፈጠር ወደፊትም ወደኋላም ያው ሩቅ ነው። ለብቻችሁ በአንድ ሰዓት የምትጨርሱትን መንገድ ሁለት ሰዓት መድቡለት። የሚንሸራተት ጠጠር፣ ወንዝ ማቋረጫ ወይም በእጅ ተይዞ የሚወጣ ቋጥኝ ካለበት ሌላ መንገድ ፈልጉ።

ከቆላማ ቦታ የመጣ ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ2,500 ሜትር በላይ ባያድር ጥሩ ነው። ከተወለደ በኋላ የሳንባው ደም ሥሮች ገና እየሰፉ ነው፤ የኦክስጅን ማነስ ደግሞ መልሶ ያጠብባቸዋል። በመኪና ከፍታ ስትወጡና ስትወርዱ ጆሮውን ሊያመው ስለሚችል መኪናውን አቁማችሁ አጥቡት፤ መዋጡ ጆሮውን ይከፍትለታል። ጨቅላ በመኪና ወንበሩ ላይ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰዓት በላይ መቀመጥ ስለሌለበት የጉዞው መነሻ ራሱ ሩቅ ባይሆን ይመረጣል።

ማዘያው

ጀርባ ላይ የሚታዘለው ባለብረት ማዘያ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። እሱ ያለ ድጋፍ ለሚቀመጥ ልጅ ነው፤ ይህም ወደ ስድስት ወር ገደማ ነው። ለጨቅላ የሚሆነው ደረት ላይ የሚታሰር ለስላሳ ማዘያ ወይም ረጅም የመጠቅለያ ጨርቅ ሲሆን፣ ልጁ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ እናንተ ያዞራል። ብዙዎቹ ማዘያዎች ዝቅተኛ ክብደታቸው ከ3.2 እስከ 3.6 ኪሎ ስለሆነ መለያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አዲስ ማዘያ ቤት ውስጥ ሳይሞከር መንገድ ላይ አይጀመርም።

መጀመሪያ የወገቡን ቀበቶ እሰሩ። ልጁን ቀጥ አድርጋችሁ ደረታችሁ ላይ አስጠጉት፤ ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ከፍ ብለው እንደ እንቁራሪት እግር ይከፈቱ፣ ጨርቁም ከአንዱ ጉልበት ሥር እስከ ሌላው ይድረስ። እግሩ ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ ክብደቱ በሙሉ የዳሌው መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል፤ መገጣጠሚያው ደግሞ ገና ለስላሳ ነው። እትብቱ ካልወደቀ ዳይፐሩን ከእትብቱ በታች አጥፉት፣ ምንም ነገር እንዳይፈገፍገው። የጨርቁ የላይኛው ጫፍ ማጅራቱን ይደግፍ እንጂ ፊቱን አይሸፍን። ከዚያ ማሰሪያዎቹን አጥብቁ።

አሁን ፈትሹ። ጎንበስ ሳትሉ አናቱን መሳም መቻል አለባችሁ። ቁልቁል ስታዩ ፊቱ ይታያችሁ። በአገጩና በደረቱ መካከል ሁለት ጣት ይግባ። መዳፋችሁን ጀርባው ላይ አድርጋችሁ ገፋ ስታደርጉት ተዘርግቶ ወደ እናንተ ከተጠጋ ማሰሪያው ላልቷል፤ እንደገና አጥብቁት።

ማዘያ በመነሻው ላይ ልክ ሆኖ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ልክ አለመሆኑ የተለመደ ነው። እየተራመዳችሁ ማሰሪያው ይላላል፣ ልጁ ዝቅ ይላል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል። የጨቅላ የአየር ቧንቧ ጠባብና ለስላሳ ስለሆነ፣ ከባዱ ጭንቅላት ወደፊት ሲያጋድል እንደታጠፈ የውሃ ጎማ ይዘጋል። ለዚህ ነው በየ15 ደቂቃው ሁለቱን ጣት ማስገባት ያለባችሁ፣ በተለይ ከአራት ወር በታች ላለ ልጅ። ጃኬት ከደረባችሁበት ዚፑ አንገቱ ጋ ይቁም። ለፀሐይ ብላችሁ ጨርቅ አናቱ ላይ አትጣሉበት፤ ሙቀቱንም የተነፈሰውንም አየር ያምቀዋል። የዝናብ ካፖርት ከላይ መደረብም እንደዚያው ነው፤ ጃንጥላ ለዝናቡም ለፀሐዩም የተሻለ ነው፣ ንፋስ ከሌለ።

ብዙ ወላጅ አውሬና ነፍሳትን ይፈራል፤ ዋናው አደጋ ግን የያዘው ሰው መውደቅ ነው። ልጁ ደረታችሁ ላይ ሲሆን እግራችሁን አታዩም። ሶሉ በደንብ የሚይዝ ጫማ አድርጉ፣ በአንድ እጅ ምርኩዝ ያዙ፣ ሌላውን እጅ ባዶ ተዉት። ዕቃ ለማንሳት በወገብ አትጎንበሱ፤ በጉልበት ቁጢጥ በሉ፣ ያም ሆኖ አንድ እጅ ልጁን ይደግፍ። ቁልቁለት ላይ እርምጃ አሳጥሩ። የጉዞውን ቦርሳ ሌላው ሰው ይሸከም። ልጁ ደረታችሁ ላይ እያለ ትኩስ መጠጥ አትጠጡ።

ልብስ፣ ፀሐይ፣ ነፍሳት

ማዘያውና የያዘው ሰው ገላ እንደ አንድ ድርብ ልብስ ስለሚቆጠሩ፣ ካሰባችሁት አንድ ልብስ ቀንሱ። ሙቀቱን በእጁና በእግሩ አትለኩ፤ ጤናማ ጨቅላም እነሱ ይቀዘቅዙበታል። ጣታችሁን ማጅራቱ ላይ አድርጉ፦ ላብ ካለ ሞቆታል፣ ቀዝቃዛ ከሆነ በርዶታል። ማዘያ ውስጥ ሱሪው ወደ ላይ ስለሚሰበሰብ ረጅም ካልሲ አድርጉለት። የያዘው ሰው ካላበው ደግሞ ልጁም ይረጥባልና መሃላቸው ስስ ጥጥ ጨርቅ ይግባ፣ እረፍት ላይም ይቀየር።

ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ የሚሻለው የፀሐይ መከላከያ ጥላ ነው፤ ቅባቱን ስስ ቆዳው በቀላሉ ይመጠዋል። ፀሐይ ከምትበረታበት ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ከሁለት ወር በታች የነፍሳት ማባረሪያ ቅባትም አይቀባም፤ አጎበር ይሻላል፣ ፊቱን እስካልነካ ድረስ።

ማጥባትና ዳይፐር

ጨቅላ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ስትነሱ አጥቡት፤ ከዚያ መጥባት ከጀመረበት ደቂቃ ቆጥራችሁ ለሁለት ሰዓት ተኩል በስልክ ላይ ማንቂያ ሙሉ። ሲደውል ተኝቶም ቢሆን አውጡት፤ ልብሱን ፈታ አድርጋችሁ ዳይፐር ስትቀይሩለት ይነቃል። እየተራመዳችሁ አታጥቡ። ቁጭ በሉ፣ ጠብቶ ሲጨርስ አስገሱት፣ ከዚያ ወደ ቀድሞ ከፍታው መልሳችሁ እሰሩ።

የታለበ የጡት ወተት እስከ 25 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ለአራት ሰዓት ይቆያል። የዱቄት ወተት ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ ቢያንስ 70 ዲግሪ በሆነ ውሃ መበጥበጥ አለበት። ስለዚህ የፈላ ውሃ በቴርሞስ ይዛችሁ ውጡና እዚያው በጥብጡ፣ አቀዝቅዛችሁ አንጓ ላይ ሞክሩ፣ ልጁ መጠጣት ከጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉ። ቀኑ ምንም ቢሞቅ ለጨቅላ ውሃ አይሰጥም፤ ኩላሊቱ ገና ስላልጠነከረ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥንና እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሳል። ውሃው ለእናቲቱ ነው፤ ከተለመደው አንድ ሊትር ጨምሩላት።

ለእያንዳንዱ የጉዞ ሰዓት አንድ ዳይፐር፣ በላዩ ሁለት ትርፍ ያዙ፤ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ዋይፕስ፣ የእጅ ማጽጃ፣ ማንጠፊያ፣ ቴርሞሜትርና የያዘው ሰው ትርፍ ሸሚዝም ይኑር (ወተት ሲያስመልስ የሚነካው እሱን ነው)። ያገለገለው ዳይፐር በሁለት ፌስታል ታስሮ ይመለሳል፤ መቅበር አያጠፋውም፣ እንስሳም ያወጣዋል።

በየ45 ደቂቃው ከማዘያው አውጡት፤ ጥላ ሥር ለጥ ያለ ቦታ ላይ በጀርባው አስተኝታችሁ ለአምስት ደቂቃ እግሩን ያንፈራግጥ። ከእሳት ጭስ አርቁት።

መመለስ ያለባችሁ መቼ ነው?

ዳይፐሩ ለስድስት ሰዓት ያህል ካልረጠበ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ወይም ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ካልጠባ ጉዞው አብቅቷል፤ ሐኪም ይየው።

የብብቱ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት። ከ36.5 በታች ከወረደ እርጥቡን ልብስ አውልቃችሁ ራቁት ገላችሁ ላይ ለጥፉት፣ ኮፍያ አድርጉለት፣ ከላይ ሸፍኑ፣ አጥቡት። ካልሞቀ ወይም ከ36 በታች ከሆነ እንደዚሁ ገላችሁ ላይ እንዳለ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ከሦስት ወር በታች 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ ነው፤ ማስታገሻ ሰጥቶ መጠበቅ የለም።

ትንፋሹን በተረጋጋበት ሰዓት ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ60 ካለፈ፣ የጎድን አጥንቶቹ መሃል ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ አፍንጫው ከተነፋፋ ወይም እያቃሰተ ከተነፈሰ ሳትዘገዩ ውረዱ። በመጀመሪያ ቀናት እጅና እግሩ ሰማያዊ ቢመስል ብዙም አያስደነግጥም፤ ከንፈሩና ምላሱ ሰማያዊ ከሆኑ ግን ያስደነግጣል። ለመንቃት የሚቸገር፣ የላላ ልጅም እንደዚያው ነው።

ልጁን የያዘው ሰው ከወደቀ፣ ልጁ አልቅሶ ዝም ቢልና ምንም ባይታይበትም ይመርመር። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ መጨረሻ የጠባበትን ሰዓት፣ ዳይፐሩ የረጠበበትን ሰዓትና የሙቀቱን መጠን ስለሆነ፣ እነዚህን ሦስቱን መንገድ ላይ ስልካችሁ ውስጥ መዝግቡ።