ወተት ሲቀንስ ፉርሽካ ከመጨመርዎ በፊት እበቱን ይዩ

በደብረ ብርሃን፣ በጫጫና በሸኖ ዙሪያ ዲቃላ ላም የምታረቡ ሁሉ ይህ የጨጓራ አሲድ መብዛት ምልክት ሊገጥማችሁ ይችላል፦ ላሟ አንድ ቀን ደህና ትበላለች፣ በማግስቱ ትተወዋለች። እበቷ ይቀጥናል፣ አረፋ ይይዛል፣ ያልተፈጨ እህልም ይታይበታል። ወተቱ ያንሳል፤ ቢናጥም ቅቤው ትንሽ ነው። በሽታው ሲቆይ ሰኮናዋን ያማትና ታነክሳለች።

የሚያጠራጥር ከሆነ ተኝታ ስታመሰኳ ቁጠሩ። አንዱን ጉርሻ ከ50 ጊዜ በታች አኝካ የምትውጥ ከሆነ ጨጓራዋ አሲድ በዝቶበታል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ፋጉሎው አይደለም፤ ፉርሽካው፣ የተፈጨው ገብስና አተላው ነው። ጭድና ድርቆሽ የሚያብላሉት የጨጓራ ባክቴሪያዎች ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ6 ሲወርድ ይዳከማሉ። ዱቄትና እህል ሲበዛ ግን አሲድ የሚያመርቱት፣ በተለይ ስትሬፕቶኮከስ ቦቪስ፣ በፍጥነት ይራባሉ። የሚሞቱት ባክቴሪያዎች የሚለቁት መርዝ በቆሰለው የጨጓራ ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ይገባል፤ የሰኮናው ሕመም አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ስለዚህ ፉርሽካ ከልክ በላይ በተጨመረ ቁጥር ጭዱን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ይመናመናሉ፣ ላሟም እየበላች ትከሳለች። በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ አርቢው ለላሟ አዝኖ ያበላትን ያህል ይጎዳታል።

መፍትሄው ከቅደም ተከተሉ ይጀምራል። ጠዋት በባዶ ሆዷ ፉርሽካ አትስጡ፤ መጀመሪያ ድርቆሽ ወይም የገብስ ገለባ ትብላ። ላም በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ታመነጫለች፤ ምራቋ አሲዱን የሚያበርድ ሶዳ አለው፣ የሚመነጨውም በብዛት ስታኝክና ስታመሰኳ ነው። ጭዱን አታድቅቁት። የቀኑን ፉርሽካ በሦስትና በአራት ጊዜ ከፋፍሉት። ከወለደች በኋላ ወይም ጾም ተፈቶ ወተት ሲፈለግ መኖዋን በአንዴ አታሳድጉ፤ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። በቀን ከ100 እስከ 200 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ከመኖዋ ጋር ማደባለቅ ይረዳል፤ ጭድ ከሌለ ግን ሶዳው ብቻውን አያድናትም።

አውድማ ገብታ ወይም ጎተራ ሰብራ እህል የጠገበች ላም ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሆዷ ከተነፋ፣ ከተንገዳገደች ወይም ተኝታ አልነሳም ካለች በቤት ሕክምና ጊዜ አታጥፉ። እህሉን አርቁባት፣ በዚያው ሰዓት የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፤ በአንድ ሁለት ቀን ልትሞት ትችላለች።