ከግራም ከቀኝም አንድ የሚነበብ ቃልና ቁጥር፦ አሠራሩና የመገኘት ዕድሉ

«ውሃው» የሚለውን ቃል ከመጨረሻው ፊደል ተነሥተው ወደ ኋላ ያንብቡት። ው፣ ሃ፣ ው፤ ያው ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ወይም ቁጥር ፓሊንድሮም ይባላል። «ማማ»፣ «ላላ»፣ «ጎበዝ ናትና» ስንል ያለው «ናትና»ም ከዚሁ ወገን ናቸው።

በመጀመሪያ የሚቆጥሩት ፊደል ይሁን ድምፅ ይወስኑ። «አባ» ለጆሮ ከሁለቱም በኩል አንድ ነው፤ ሲጻፍ ግን አ እና ባ ይለያያሉ። እዚህ የምንቆጥረው ፊደል ነው። ሞክሼ ፊደላትም ያሳስታሉ፦ ማሳን ለሦስተኛ ጊዜ ማረስን የሚገልጸው «ሰለሰ» ሁለቱም በእሳቱ ሰ ከተጻፉ ይሆናል፤ አንዱ በንጉሡ ሠ ከሆነ ተበላሸ።

ቃል ለመሥራት ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። በአ የሚጀምር፣ በራብዕ ፊደል የሚያልቅ ባለ ሦስት ፊደል ግስ ይፈልጉ፦ አገባ፣ አሟላ፣ አሳካ፣ አበላ። ከዚያ የመጨረሻውን ፊደል ወደ ግዕዙ ይመልሱት። በ፣ ለ ወይም ከ ከሆነ ሥራው አለቀ፤ ከፊት ይለጥፉት። አ ይዋጣል፣ መስተዋድዱም ራብዕ ይሆናል፦ በ + አገባ = «ባገባ» (ባገባ በዓመቱ)፣ ለ + አሟላ = «ላሟላ» (መስፈርቱን ላሟላ ተወዳዳሪ)፣ ከ + አሳካ = «ካሳካ» (ዕቅዱን ካሳካ በኋላ)።

«አሰበ» ላይ ግን አይሞክሩት። «ባሰበ» በባ ጀምሮ በበ ያልቃል። «ባስገባ»ም ጫፎቹ ቢገጥሙም መሐሉ ላይ ስ እና ገ አይገጥሙም። «ባገባች» ብለው ሴት ካደረጉትም ይፈርሳል።

ወደ ቁጥር እንምጣ። ከ100 እስከ 999 ካሉት 900 ቁጥሮች አንዱን በዕጣ ቢያወጡ፣ ለመጀመሪያው አኃዝ 9፣ ለመካከለኛው 10 ምርጫ አለ፤ የመጨረሻው የመጀመሪያው ግልባጭ ስለሆነ ምርጫ የለውም። 9 × 10 = 90፤ ዕድሉ 10 በመቶ። ባለ አራት አኃዝ ላይ 9000 ውስጥ 90 ብቻ፣ ማለትም 1 በመቶ ነው። ባለ አምስቱ ላይ ይቀንሳል ብለው እንዳይጠብቁ፦ መካከለኛው አኃዝ ከራሱ ጋር ስለሚገጥም እዚያው 1 በመቶ ላይ ይቆማል። 0110ን መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው፤ በዜሮ የሚጀምር ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የለም።

በፊደል ዕድሉ በጣም ይጠባል። 33ቱ ፊደላት በ7 ቅርጽ 231 ናቸው፤ ሦስቱን በዘፈቀደ ቢደረድሩ ፓሊንድሮም የመሆን ዕድሉ ከ231 አንድ፣ አራት ቢሆኑ ከ53,361 አንድ ነው። ይህ ሁሉም ፊደል እኩል ቢወጣ ነው። እውነተኛ ጽሑፍ ውስጥ ን እና ው ከጰ እጅግ ስለሚበዙ መግጠሙ ከዚህ ይቀላል።

በእጅ ለመሞከር አምስት ወረቀቶች ላይ 1፣ 1፣ 2፣ 2፣ 3 ይጻፉና በውዘው ይደርድሩ። መጀመሪያ ጥንዶችን ይቁጠሩ፦ ጥንድ የሌለው ከአንድ በላይ ከሆነ ፓሊንድሮም አይወጣም። እዚህ 3 ብቻውን ነው፣ ስለዚህ ቦታው መሐል ነው። የሚገኙት 12321 እና 21312 ብቻ ናቸው። ጠቅላላ አደራደሩ 120 ÷ (2 × 2) = 30፤ ዕድሉ 2/30፣ ማለትም ከ15 አንድ። ብዙዎች 2ን ለ120 ያካፍላሉ። ወረቀቶቹን እንደ 120 አደራደር ከቆጠሩ ግን ሁለቱ 1ዎችም ሆኑ ሁለቱ 2ዎች ቦታ ስለሚለዋወጡ ፓሊንድሮሞቹም 8 ይሆናሉ፤ 8/120 ያው ከ15 አንድ ነው።

የግዕዝ ቁጥር ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። 2002 ዓ.ም. በተለመደው አኃዝ ፓሊንድሮም ነበር፣ ቀጣዩም 2112 ነው፤ 2002 በግዕዝ ሲጻፍ ግን ፳፻፪ (20፣ 100፣ 2) ስለሆነ አይሆንም። 2020 በተቃራኒው ነው፦ ፳፻፳።