ጉልበት ከተቀየረ በኋላ ቁስሉን ቤት ውስጥ እንዴት እንደምንይዝ

የእናቴ ጉልበት በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሲቀየር፣ ሆስፒታል እያለን ሁሉን ነገር ነርሶቹ ያዙልን። ቤት ስንገባ ግን ፋሻውም ህመሙም እኛው ላይ ወደቀ። ያኔ ባውቀው ኖሮ ያልኩትን ነው የምጽፈው።

ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። የተለጠፈው መሸፈኛ ውሃ ያስገባል? ስንት ቀንስ ይቆያል? ውሃ የማያስገባው ብዙ ጊዜ ለ7 ቀን ያህል ሳይነካ ይቆያል። ተራ ጎዝ ከሆነ ሲርስ ወይም ሲቆሽሽ ይቀየራል። ደረቅና ንጹህ ከሆነ ግን ተዉት። ጠያቂ ሲመጣ «እስቲ ቁስሉን ልየው» ይላል። ከፍቅር ነው፤ ግን አይገለጥም።

መቀየር ካለበት እንዲህ አድርጉ። እጃችሁን በሳሙና በደንብ ታጠቡና በንጹህ ጨርቅ አድርቁ። ቆዳውን በአንድ እጅ ደገፍ አድርጋችሁ አሮጌውን ቀስ ብላችሁ ላጡት። ጣሉትና እጃችሁን እንደገና ታጠቡ። አልኮልም ቅባትም ሐኪም ካላዘዘ አታድርጉ። ቅቤ፣ ማር፣ ቅጠልም እንደዚሁ። አዲሱን ጎዝ ጠርዙን ብቻ ያዙ፤ ቁስሉ ላይ የሚያርፈውን መሐሉን ጣት አይንካው።

አሁን ፕላስተሩ። ወጥራችሁ አትለጥፉ። ጉልበት ያብጣል፣ ይታጠፋል፤ የተወጠረ ፕላስተር ቆዳውን እየጎተተ ውሃ ያስቋጥረዋል። የእናቴ ቆዳ ጠርዙ ላይ እንደተቃጠለ ሰው ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ ከቀዶ ጥገናው ይልቅ እሱ አስለቀሳት። ጉልበቱን ትንሽ አጠፍ አድርጋችሁ ፕላስተሩን ሳትወጥሩ ዝም ብላችሁ አሳርፉት።

ስፌቱ ወይም ቆዳውን አያይዘው የያዙት ትንንሽ ብረቶች ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣሉ። ሻወር ሐኪሙ ሲፈቅድ ይቻላል። ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍና ጠበል መጠመቅ ግን ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪገጥም ይቆይ።

ትራስ ከጉልበት ሥር አታድርጉ። እኛ አድርገን ነበር፣ ስለተመቻት። ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይለምድና መዘርጋት ያቅተዋል። ትራሱን ከቁርጭምጭሚት ሥር አድርጉት። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት። ተኝታም ሆነ ተቀምጣ እግሯን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይና ወደ ታች ታንቀሳቅስ፤ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። በዎከር (በሁለት እጅ በሚያዘው መደገፊያ) መራመዱንም ፊዚዮቴራፒ ባለሙያው እንዳለው ትቀጥል።

ወጌሻ አታስገቡ። እግሩ ላይ ደም ረግቶ ከሆነ፣ ማሸት ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል።

መቅላቱና ህመሙ እየባሰ ከሄደ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለ፣ ቁስሉ ከተከፈተ፣ ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ የዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ። ቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ አታስጀምሩ፤ የትኛው ጀርም እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ባት ላይ አዲስ እብጠትና ህመም ካለም አትደሩ። የደረት ውጋት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ደግሞ በዚያችው ደቂቃ ድንገተኛ ክፍል ነው።

እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ቢጠቁር ወይም ቢበልዝ ብዙውን ጊዜ ደም ወደ ታች ወርዶ ነው። እብጠቱና ሙቀቱም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ቡና ሲፈላ በርጩማ ላይ አትቀመጥ፤ መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር አቅርቡላት፣ ስትነሳም በሁለት እጇ ተደግፋ ትነሳ።